ጕልበትን በመኝታና በምግብ ለውጦ ስለ መጓዝ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በጂኦግራፊ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



የጂኦግራፊ ክበብ ንግግር ያደርጋል ሲባል ስለ ወንዞች ርዝመት ወይም ስለ ተራሮች ከፍታ ይናገራሉ ብላችሁ ሳትጠብቁ አትቀሩም። እኛ ግን በዚህ ዓመት በክበባችን ስብሰባ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረንን ጕዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም፥ ብዙ ገንዘብ የሌለው ወጣት አገር ለማየት ሲነሣ፥ በቀን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ በምትኩ መኝታና ምግብ የሚያገኝባቸው የሥራ ልውውጥ ማኅበሮች ስላሉ፥ ከእነዚህ መካከል የትኛውን መምረጥ ይገባዋል? የሚል ነው።

ጕዳዩ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በስልኩ ላይ «በነጻ ተኙ፥ በነጻ ብሉ፥ ዓለምን ዙሩ» የሚል ማስታወቂያ ያላጋጠመው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ማስታወቂያውን አይተው ቤተ ሰባቸውን ገንዘብ የጠየቁ አሉ፤ ልስጥ ወይስ ልከልክል እያሉ የሚያስቡ ወላጆችም በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ስለዚህ አንድ መንፈቅ ሙሉ ማኅበሮቹን በየተራ አጠናን፤ ደንባቸውን አነበብን፤ ከትምህርት ቤታችን ወጥተው በዚህ መንገድ የተጓዙትን ጠየቅን።

ጕልበትን በምግብ መለወጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የሚሻገረው የቆሎ ተማሪ ለመምህሩ እንጨት እየለቀመና ውሃ እየቀዳ ይማር ነበር። ገበሬዎቻችንም ደቦና ወንፈል አላቸው። በደቦ ጊዜ ባለ እርሻው ጠላውን ጠምቆ፥ እንጀራውን አስጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራውም ሰው እየዘፈነ ሲያርም ወይም ሲያጭድ ውሎ፥ በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስንት ሰዓት ሠራህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ወንፈል ግን ሌላ ነው። ዛሬ እኔ በሬዎቼን ጠምጄ አንድ ቀን ካረስሁልህ፥ አንተ ደግሞ በሌላ ጊዜ አንድ ቀን ታርስልኛለህ። ቀን በቀን ይመለሳል፤ ያልተመለሰ ቀን ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም ሁለቱም ወገን ያውቁታል።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እንግለጽ። የሥራ ልውውጥ ማኅበሮች ሁሉ የሚናገሩት በደቦ ቋንቋ ነው፤ «ቤተ ሰብ ትሆናላችሁ፥ አብረን እንበላለን» ይላሉ። መንገደኛው ግን ነገሩን በወንፈል ሒሳብ መመዘን አለበት። ደቦ የሚያምረው ጎረቤት ለጎረቤት ሲሆን ነው፤ ነገ በገበያ፥ በለቅሶ፥ በሠርግ የሚገናኙ ሰዎች ይተፋፈራሉ። ባሕር ተሻግሮ የሄደ ልጅ ግን ከባለ ቤቱ ጋር የሚያስተፋፍረው ነገር የለውምና፥ በጽሑፍ የሠፈረ ቍጥር ያስፈልገዋል።

የነገሩን አመጣጥ ጥቂት እንናገር። ዓመቶቹን የምንጠራው ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በ1920 ዓ.ም. ፒየር ሴሬዞል የተባለ የስዊስ ሰው ጥቂት ሰዎችን አሰባስቦ፥ በቬርደን አጠገብ በጦርነቱ ወደ ፈረሰች አንዲት የፈረንሳይ መንደር ሄደ። በመካከላቸው ጀርመኖችም ነበሩባቸው። ትናንት በመድፍ የደመሰሱትን መንደር ዛሬ በአካፋ ለመሥራት መጡ ማለት ነው። ከዚህ ሥራ «ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሲዮናል» የተባለው ማኅበር ተወለደ፤ እስከ ዛሬም ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት አብረው የሚሠሩበትን የሥራ ሰፈር ያዘጋጃል። እዚህ ላይ መኝታውና ምግቡ ለሥራው እንዲያመች የተሰጠ እንጂ የጕዞው ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው መነሻ እንዲህ ያለ ታላቅ ታሪክ የለውም። በ1971 ዓ.ም. ሱ ኮፓርድ የተባለች በሎንዶን የምትኖር ጸሓፊ፥ የከተማው ኑሮ ሰልችቷት ወደ ገጠር መውጣት ተመኘች፤ ነገር ግን በገጠር ዘመድ አልነበራትም። ስለዚህ በሰሴክስ ግዛት ኤመርሰን ኮሌጅ በሚባለው ትምህርት ቤት ካለው እርሻ ጋር ተነጋግራ፥ አራት ሰዎች ሆነው ቅዳሜና እሑድን ሠርተው እንዲያድሩ አደረገች። ያ ሙከራ አድጎ «ዉፍ» የተባለው ማኅበር ሆነ። ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ውስጥ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚያርሱ ገበሬዎች በዚህ ስም መንገደኞችን ይቀበላሉ። መንገደኛው የአባልነት ዋጋ በዓመት ከፍሎ የገበሬዎቹን ዝርዝር ያገኛል፤ ለወደደው ገበሬ ራሱ ይጽፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፤ በገበሬውና በእርሱ መካከል ገንዘብ አይተላለፍም። ልብ በሉ፤ አባልነቱ በየአገሩ ለየብቻ ነው። የጣሊያኑን ከፍሎ በፈረንሳይ እጠቀማለሁ የሚል ሰው እንደ ገና ይከፍላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ከእርሻ ውጭ ያለውንም ሥራ ጨመሩ። ሄልፕኤክስ በ2001፥ ወርክአዌይ በ2002፥ ወርልድፓከርስ ደግሞ በብራዚል በ2014 ተመሠረቱ። በእነዚህ ዝርዝር ውስጥ እርሻም አለ፤ ቤት ማደስም አለ፤ ሕፃን መጠበቅ፥ ውሻ ማንሸራሸር፥ በመንገደኞች ማደሪያ አልጋ ማንጠፍም አለ። ወርክአዌይ ልኩ በቀን 5 ሰዓት፥ በሳምንትም 5 ቀን ያህል ነው ይላል። እኛ እነዚህን ማኅበር ከማለት ገበያ ማለት እንመርጣለን። ገበያ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በገበያ ላይ የገበያው ባለቤት ለእያንዳንዱ ሻጭ ዋስ አይሆንም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በቀን 5 ሰዓት፥ በሳምንት 5 ቀን የሠራ ሰው በ4 ሳምንት 100 ሰዓት ይሠራል። በአንድ ውድ የአውሮፓ ከተማ በማደሪያ ቤት አንድ አልጋ ለአንድ ሌሊት 20 ዩሮ፥ የቀን ምግብም 15 ዩሮ ነው እንበል። በ28 ቀን 980 ዩሮ ይሆናል። ስለዚህ መንገደኛው በሰዓት 9 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ያህል አገኘ ማለት ነው። በጀርመን በ2025 ዓ.ም. ሕጉ የወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ቋንቋና ሙያ ከተማረበት ደግሞ ተጠቃሚ ነው እንላለን። ነገር ግን ባለ ቤቱ ሥራውን ወደ 8 ሰዓት፥ ቀኑንም ወደ 6 ከፍ ቢያደርገው ሰዓቱ 192 ይሆናል፤ አልጋው ያው አልጋ፥ እራቱም ያው እራት ነው። የሰዓቱ ዋጋ ወደ 5 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ወረደ።

ኑሮ በረከሰበት አገር ደግሞ አልጋው 6፥ ምግቡ 5 ዩሮ ነው ብንል፥ ያው 100 ሰዓት የሚያወጣው በሰዓት 3 ዩሮ ከ8 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ የሥራ ልውውጥ የሚጠቅመው ኑሮ በተወደደበት አገር መሆኑን ነው። በርካሽ አገር ተጕዞ በነጻ ከመሥራት፥ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ ከፍሎ ማደርና ቀኑን በሙሉ አገሩን ማየት ይሻላል።

ሌላም የተሸሸገ ነገር አለ። መኝታና ምግብ የጕዞው ወጪ ሁሉ አይደሉም። አውሮፕላን አለ፤ ቪዛ አለ፤ ኢንሹራንስ አለ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ትልቁ ወጪ አውሮፕላኑ ነው፤ ይህንንም የትኛውም የእርሻ ባለቤት አይከፍልለትም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ብሎ ባሕር መሻገር ለእኛ አያዋጣም፤ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው እየተዛወሩ ብዙ ወር መቈየት ግን ያዋጣ ነበር። «ነበር» ያልነው ሕጉ ስላለ ነው።

ስለ ሕጉ ሰፋ አድርገን እንናገራለን፤ ማስታወቂያዎቹ በዚህ ነገር ላይ ዝም ይላሉና። ብዙ ሰው «ደመወዝ ካልተቀበልሁ ሥራ አልሠራሁም» ይላል። የብዙ አገር ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ኒው ዚላንድ ለሥራ ምትክ የተሰጠን ምግብና መኝታ እንደ ዋጋ ትቈጥረዋለች፤ ስለዚህ በእርሻ ላይ የሚያግዘው መንገደኛ ሥራ የሚፈቅድ ቪዛ ሊኖረው ይገባል። በብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው በበጎ ፈቃድ መሥራት የሚችለው በሕግ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፥ ያውም በጠቅላላው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ የግል እርሻ ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም። በአሜሪካም በጎብኚ ቪዛ ገብቶ ለቀለብ መሥራት እንደ ሥራ ሊቈጠርበት ስለሚችል፥ በአውሮፕላን ጣቢያ «ለምን መጣህ?» ሲባል «በእርሻ ላይ ላግዝ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል።

አውስትራልያ የሆነውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በዚያ አገር ከተፈቀደላቸው አገሮች የመጡ ወጣቶች በዕረፍትና በሥራ ቪዛ ይገባሉ፤ ሁለተኛ ዓመት ለመጨመር ደግሞ አብዛኞቹ 88 ቀን በገጠር መሥራት አለባቸው። ቀድሞ በምግብና በመኝታ ብቻ የተሠራው ቀንም ይቈጠር ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ባለ እርሻዎች ቪዛውን እንደ ልጓም ይዘው ወጣቶቹን በነጻ ማሠራት ስላበዙ፥ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. ደንቡን ለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ የሚቈጠረው ደመወዝ የተከፈለበት ቀን ብቻ ነው። የወንፈሉን ሒሳብ መንግሥት ራሱ ገብቶ ያዘው ማለት ነው።

የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ለመግባት የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህ ቪዛ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያስቈያል፤ ዋጋው ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሕክምና የሚሸፍን ኢንሹራንስም ይጠየቅበታል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ላይ የውሳኔው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ወስኖ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ቪዛው የጎብኚ እንጂ የሠራተኛ አይደለም። በአውሮፓ ተወልደው የዚያው ዜጋ የሆኑት የአጎቶቻችንና የአክስቶቻችን ልጆች ከአንዱ የኅብረቱ አገር ወደ ሌላው ያለ ቪዛ ተሻግረው ያጭዳሉ፤ እነርሱ በስልክ «ቀላል ነው እኮ!» ሲሉን የሚነግሩን ስለ ራሳቸው ፓስፖርት መሆኑን አንርሳ።

ታዲያ መንገዱ ለእኛ ተዘግቷል ማለት ነውን? አይደለም። ለኢትዮጵያዊ ወጣት የሚሻለው፥ ሕጉ ራሱ በስሙ የሚያውቀውንና የራሱ ቪዛ ያለውን የልውውጥ ዓይነት መምረጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ኦ ፔር» የሚባለው ነው። ወጣቱ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ ተቀምጦ ሕፃናትን በመጠበቅና በቀላል የቤት ሥራ ያግዛል፤ በምትኩ ክፍል፥ ምግብና የኪስ ገንዘብ ያገኛል፤ ቋንቋም ይማራል። አውሮፓውያን በ1969 ዓ.ም. በስትራስቡርግ በተፈረመ ስምምነት ላይ የሥራውን ሰዓት በቀን ከ5 እንዳይበልጥ፥ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ጽፈዋል። በጀርመን ዛሬ ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም፤ የኪስ ገንዘቡ በወር 280 ዩሮ ነው፤ ኢንሹራንሱን ቤተ ሰቡ ይከፍላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣው አመልካች 18 ዓመት የሞላውና ከ27 በታች የሆነ፥ የጀርመንኛንም መጀመሪያ ደረጃ የሚያውቅ መሆን አለበት። በአሜሪካ ግን በዚሁ ስም የሚሠራው ሥራ በሳምንት እስከ 45 ሰዓት ሊደርስ እንደሚችል አስተውሉ። ስሙ አንድ ሆኖ ሒሳቡ የተለያየ ነው።

ሁለተኛው የጀርመን የፈቃድ አገልግሎት ነው። ጀርመን የግዴታ ውትድርናን በ2011 ዓ.ም. ስታቆም የፌዴራል የፈቃድ አገልግሎት የተባለውን ሥርዓት አቋቋመች። ወጣቱ በሆስፒታል፥ በአረጋውያን ቤት፥ በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ላይ ያገለግላል። ሥራው እንደ ዉፍ ግማሽ ቀን አይደለም፤ ሙሉ ቀን ነው። ነገር ግን ውል አለው፤ የኪስ ገንዘብ አለው፤ ኢንሹራንስ አለው፤ ብዙ ጊዜም መኖሪያ ይሰጣል፤ ከ27 ዓመት በታች ለሆነው ደግሞ በዓመት 25 የትምህርት ቀኖች አሉት። አረጋዊ ማጠብና ማጕረስ ለሽርሽር የሚያምር ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ከክበባችን መካከል ነርስ ለመሆን የሚያስቡት ከሁሉ የበለጠ የወደዱት ይህንን ነው።

በእስራኤል ያሉት ኪቡጾችም የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ደጋንያ በ1910 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ከ1967ቱ ጦርነት በኋላም ከአውሮፓና ከአሜሪካ እጅግ ብዙ ወጣቶች እየሄዱ ብርቱካን ለቅመዋል፥ ላም አልበዋል፥ ድስት አጥበዋል። የሚሄዱት በልዩ የበጎ ፈቃደኛ ቪዛ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከዉፍ ይረዝማል። በጦርነት ወቅት የአገሩን ሁኔታ ሳያጣሩ መነሣት ሞኝነት ስለ ሆነ በዚህ ላይ ብዙ አንዘገይም።

ዉፍንና ወርክአዌይን ለመቼ እናስቀምጣቸው? ካላችሁን፥ በውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝታችሁ በተማሪነት ፈቃድ ከገባችሁ በኋላ ለክረምቱ ዕረፍት ነው እንላለን፤ ያውም የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት «ፈቃዴ ይህን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ። ከትምህርት ቤታችን የወጣች አንዲት እኅታችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። በአንድ የአውሮፓ አገር ዩኒቨርሲቲ ስትማር በክረምቱ ፍየል ወደሚያረቡ ሰዎች እርሻ ሄደች። በማስታወቂያው ላይ 5 ሰዓት ተብሏል። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ፍየል ታልባለች፤ ከቀትር በኋላ ባለ ቤቶቹ ለቱሪስት የሚያከራዩአቸውን ክፍሎች ታጸዳለች፤ ስትቈጥረው 9 ሰዓት ሆነ። አስቀድማ የተጻጻፈችውን ደብዳቤ አውጥታ ብታሳያቸው «ሌሎቹ ሁሉ እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል» አሏት። በስድስተኛው ቀን በአውቶቡስ ሄደች። ልትሄድ የቻለችው የአውቶቡስና የሁለት ሌሊት ማደሪያ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጣ ስለ ነበር ነው። ቀጥላ የደረሰችበት ቤት አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ያሉበት ትንሽ እርሻ ነበር፤ በቀን 5 ሰዓት ሠርታ፥ አይብ አሠራር ተምራ፥ በሚቀጥለው ዓመትም ተመልሳ ሄዳለች።

የሚገርመው ሁለቱም ቤቶች በዝርዝሩ ላይ ብዙ ምስጋና የተጻፈላቸው መሆናቸው ነው። እኅታችን ተመልሳ ስታጣራ፥ የፍየሉን እርሻ ያመሰገኑት መንገደኞች ብዙዎቹ የቈዩት ከአንድ ሳምንት በታች ነበር። በእነዚህ ገጾች ላይ ባለ ቤቱም መንገደኛውን፥ መንገደኛውም ባለ ቤቱን ስለሚመሰክር፥ ምስጋና በምስጋና ይመለሳል፤ ክፉ የጻፈ ሰው ክፉ እንዳይጻፍበት ይፈራል። ስለዚህ ምስክርነት ስታነቡ ውዳሴውን እለፉትና ሰዓትና ቀን የተጻፈበትን ፈልጉ። «ውብ ሰዎች ናቸው» ከሚለው «እስከ ቀትር ሠርተን ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር እንሄድ ነበር» የሚለው ይበልጣል።

ባለ ቤቱንም ጠይቁ። በቀን ስንት ሰዓት? የዕረፍቱ ቀን የትኛው ነው? ሥራው ምንድን ነው? መኝታው ለብቻ ነው ወይስ ከሌላ ጋር? በሩ ከውስጥ ይቈለፋል ወይ? ምግቡን ማን ያበስለዋል? ስለ ጾማችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ። ሁዳዴን የሚጾም ሰው ከአይብ አምራች ቤት ቢወርድ ለሁለቱም ወገን ጭንቅ ነው፤ የእስላም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የአሳማ ነገር የሚበላበትን ቤት አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። በሥራ ላይ ጕዳት ቢደርስ የሚያክመው ማን ነው? ይህን ሲጠየቅ የሚቈጣ ባለ ቤት መልሱን ሰጠ ማለት ነው።

በክበባችን ውስጥ ያልተስማማንበት ነገርም አለ። ትርፍ የሚያገኝ ሆቴል ወይም የመንገደኞች ማደሪያ ደመወዝተኛ መቅጠር ሲገባው በነጻ መንገደኛ ቢሠራ፥ የአገሩ ድኻ ልጅ እንጀራ ተነጠቀ ማለት ነው ያሉ አሉ፤ ሁለት ሰዓት በእንግዳ መቀበያ ተቀምጦ አልጋ ማግኘት ማንንም አይጐዳም ያሉም አሉ። አብዛኞቻችን ወደ መጀመሪያው አዘንብለናል፤ ስለዚህ የገበሬ ቤትን ከሆቴል እናስቀድማለን። ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ግን ክርክር አልነበረንም። ጐብኚ እንዲመጣና ገንዘብ እንዲገኝ ሲባል ወላጅ ያላቸውን ልጆች ሰብስቦ «የሙት ልጆች ናቸው» ማለት በአንዳንድ አገሮች የተገለጠ ንግድ ነው፤ አውስትራልያም ይህን በ2018 ዓ.ም. ዘመናዊ ባርነትን በሚመለከተው ሕጓ አንሥታዋለች። ለሦስት ሳምንት ሄዶ ሕፃን አለማምዶ ጥሎ መመለስ ደግሞ ለሕፃኑ አይበጅም።

ለወላጆቻችን አንድ ቃል አለን። ይህ ጕዞ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ከመሄድ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ያለው ሙሉ የቅጥር ሥራ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ በአሠሪው እጅ የተንጠለጠለ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቍጥር 923 መሠረት እንዲህ ያለው ሥምሪት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲና በጸደቀ ውል ይፈጸማል። እንግዲህ አንድ ደላላ መጥቶ «የልጅሽን ጕዞ በሥራ ልውውጥ አደርግልሻለሁ፤ ብዙ ሺሕ ብር ስጪኝ» ቢላችሁ፥ ወይም እዚያ ስትደርስ ፓስፖርቷን ለባለ ቤቱ እንድትሰጥ ቢናገር፥ እርሱ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። በእውነተኛው የሥራ ልውውጥ ፓስፖርቱ ከመንገደኛው ኪስ አይወጣም፤ በፈለገውም ቀን ሻንጣውን አንሥቶ ለመሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ደግሞም 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በአብዛኛዎቹ ማኅበሮች ብቻውን አይመዘገብምና፥ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ወንድሞቻችን ለጊዜው ቋንቋ ያጥኑ።

ልጃችሁ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገር ተቀበሉት፤ የባለ ቤቱን አድራሻ በሙሉ፥ የተጻጻፉበትን ደብዳቤ ግልባጭ፥ የመመለሻውን ቲኬት ቅጂ። ልጃችሁ ደግሞ ማንም የማያውቀው የመመለሻ ገንዘብ በእጁ ይኑር። ይህ ገንዘብ ከሌለ ምርጫ የለም፤ እኅታችን በስድስተኛው ቀን ከፍየሎቹ በረት የወጣችው በእርሱ ነው።

በመጨረሻ፥ እንግሊዝኛ መምህራችን ረድተውን ያዘጋጀነውን የደብዳቤ ናሙና በአማርኛው እናነባለን።

«ክቡር ሆይ፤ እኔ የ19 ዓመት ኢትዮጵያዊት ተማሪ ነኝ። እርሻዎን በዝርዝሩ ላይ አይቼ ደስ አለኝ። ያደግሁት ዶሮና አትክልት ባለበት ቤት ስለ ሆነ ማረምና ውሃ ማጠጣት አውቃለሁ፤ ላም ማለብ ግን አልችልም። ከሐምሌ 5 እስከ ነሐሴ 2 ድረስ 4 ሳምንት መቈየት እፈልጋለሁ። በማስታወቂያዎ ላይ በቀን 5 ሰዓት፥ በሳምንት 5 ቀን ይላል፤ ይህ እንዳልተለወጠ በመልስዎ ቢያረጋግጡልኝ እወዳለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፥ ወተትና እንቍላል አልበላም፤ ባቄላ፥ ምስርና አትክልት ይበቃኛል። ለብቻዬ የምተኛበት ወይም ከሴቶች ጋር የምካፈለው ክፍል መኖሩን ይንገሩኝ። የተማሪ ፈቃዴ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቄአለሁ። የሕክምና ኢንሹራንስ አለኝ።»

ይህን ናሙና ለሚፈልግ ሁሉ አባዝተን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አስቀምጠናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ለሌላ ባለ ቤት ጻፉ፤ ለአንድ ቤት ብቻ ጽፎ መጠበቅ ክረምቱን ያሳልፋል። ክበባችን ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ በ11ኛ «ለ» ክፍል ስለሚሰበሰብ፥ የመጣላችሁን መልስ ይዛችሁ ብትመጡ አብረን ሰዓቱን እንቈጥራለን። አሁን ጥያቄ ያለው ወላጅ ወይም ተማሪ ቢኖር ለመመለስ ዝግጁ ነን።